የተነካካ ዕቃ አይመለስም

አባቴ ከድሩ ቡራዩ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ቧንቧ፣ ሴራሚክ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የመታጠቢያ ሳህን፤ ቤት መሥራት የጀመረ ሰው የሚማረርበት ዕቃ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ከመደርደሪያው በላይ በቀይ ቀለም «የተነካካ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። እኔ ማንበብ የለመድኩት በዚያ ጽሑፍ ነው።

አባቴ በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቅም። የገዛውን ቧንቧ ሊመልስ የመጣ ሰው ካለ ዕቃውን ይቀበለዋል፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቀዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ እንደ ሐኪም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ይሄማ ውኃ ጠጥቷል» ይላል። አለቀ። ሰውየው ቢምል፣ ቢለምን፣ እናቱን ምስክር ቢያመጣ ውኃ የጠጣ ቧንቧ አይመለስም። ላስቲኩ ያልተላጠ ዕቃ ከሆነ ግን ያለ አንድ ጥያቄ ይቀበላል፤ ሻይም ይጋብዛል።

ቤታችንም የሚተዳደረው በዚሁ ሕግ ነበር። ሶፋችን የተገዛ ዕለት የለበሰውን ላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ በበጋ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ሶፋው አብሮት ሊነሳ ይቃጣዋል። ሪሞቱ በላስቲክ፣ የፍሪጁ በር በላስቲክ። ፍራሻችን በተገላበጥን ቁጥር ስለሚንኮሻኮሽ ማን እንዳልተኛ በጆሮ ይታወቃል። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ እኔንም እንዳመጣኸኝ ጠቅልለህ ባስቀመጥከኝ» ትለዋለች። እኔ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩና የሰው ቤት ሁሉ እንደዚህ የሚንኮሻኮሽ ይመስለኝ ነበር።

ሰዓቱ ወደዚህ ቤት የገባው ከረመዳን ቀደም ብሎ፣ በሐጂ የሱፍ እጅ ነው።

ሐጂ የሱፍ የሰበታ ሰው ናቸው። አባቴ በልጅነቱ ከወራቤ ሲመጣ ተቀብለው ሱቃቸው ውስጥ ያሳደሩት፣ ንግድ ያስተማሩት፣ ኋላም የዳሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ እሳቸው ፊት ሲቀመጥ እንደ ተማሪ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ያን ዕለት የመጡት ለትልቋ እህቴ ለሬሐና ነው። ዱባይ የሚኖረው ልጃቸው የህያ ሚስት ይፈልጋል፤ ሬሐናን በፎቶ አይቷት ወዷታል። ነገሩን ያመጣችው የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ራዲያ ናት፤ እስከ ክርኗ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው የወርቅ አምባር ደርድራ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጎረቤታችን ኦቦ ዲሪርሳም ለምስክርነት ተጠርተው መጥተዋል።

ሐጂ ከኪሳቸው አረንጓዴ ሳጥን አወጡ። ውስጡ ወርቅና ብረት የተቀላቀለበት፣ ፊቱ ሰማያዊ የሆነ ሰዓት አለ። እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ነገር ከዚያ በፊት ያየሁት የሙሽራ መኪና ላይ ብቻ ነው።

«ይሄ ከየህያ ነው፣ ለአንተ» አሉት። «ከድሩ፣ አላስጨንቅህም። እሱም ልጄ ነው፣ አንተም ልጄ ነህ። እስከ ዒድ አስብበት። ካልሆነ ሰዓቱን ትመልስልኛለህ፣ ሻያችንን ጠጥተን እንለያያለን። ወላሂ ቂም የለም።»

«ያው እንደ ሱቅህ ሕግ ነዋ!» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ እየሳቁ። «የተነካካ ዕቃ አይመለስም!»

«እንዴታ!» አሉ ሐጂም። «ከተነካካ ሬሐና የኛ ናት!»

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ የሱ ሳቅ ግን ከሌሎቹ ዘግይቶ መጣ። «እንግዲያው በሳጥኑ ላስቀምጠው» አለ።

«ምን?» አለች አክስቴ ራዲያ። «የአማች ስጦታ ሳጥን ውስጥ? ልትሰድባቸው ነው? እሰረው እንጂ! ዒድ እስኪደርስ እጅህ ላይ ልየው።»

አባቴ አሰረው። ሬሐና የሻይ ሰርቪስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም። አክስቴም ወደ ሐጂ ዞር ብላ «ዝም ማለቷ እሺታ ነው፤ ሃይማኖታችንም ያለው ይህንኑ ነው» አለች። እኔም ይህንን እንደ ትምህርት ያዝኩት። በማግስቱ መምህሬ የቤት ሥራዬን ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት እሺ ማለቴ ነበር፤ እሷ ግን አልገባትም።

ዛሬ ሳስበው የሬሐና ዝምታ ሌላ ነበር። አባቷን ባሳደገው ሰው ፊት አባቷን ማሳፈር አልቻለችም። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ሱቁን ከአባቴ እኩል የምታውቀው፣ ግንበኞችን በኦሮምኛ ተከራክራ የምትረታ፣ አንድ ቀን የራሷን ሱቅ እንደምትከፍት ለሁሉም የምትናገር ልጅ ነበረች። እሷን ዱባይ ወስዶ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ሚስማርን በጥጥ መጠቅለል ነው። ይሄ ሁሉ ግን የዛሬ ዕውቀቴ ነው። ያኔ የገባኝ እህቴ ሰዓቱን በጣም እንደወደደችው ብቻ ነው።

በማግስቱ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ጌዲ ወሰደኝ። ጌዲ የኦቦ ዲሪርሳ ልጅ ነው፤ ከታክሲ ተራው ማዶ ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል።

«አካም ጂርታ፣ ጌዲ?» አለ አባቴ።

«ጋሪዳ፣ ጋሼ ከድሩ! ስልኩ አስቸገረህ እንዴ?»

አባቴ ከባንኮኒው ጀርባ ገባና በጆሮው አንሾካሾከለት። ጌዲ ሳቀ። ለእኔ የእባብ ጨዋታ ያለበት አሮጌ ስልክ ሰጠኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እባቤ ገና ሦስት ፍሬ ሳይበላ የፀጉር ማድረቂያ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ጌዲ ሰዓቱን ፎጣ ላይ አስተኝቶ በማድረቂያው ሙቅ አየር እየነፋበት ነው፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ በትኩረት ያየዋል። ስንወጣ ሰዓቱ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያበራ መሰለኝ።

ቤት ስደርስ ለእናቴ «እማ፣ የአባ ሰዓት ፀጉሩን ተሠራ» አልኳት።

«እሰይ፣ ያምርበታል» አለች ሽንኩርቷን እየከተፈች። እኛ ጋ ላደረችው አክስቴ ነገርኳት፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብላ አባረረችኝ። ለሬሐና ነገርኳት፤ አልሰማችኝም። በቤታችን ትልቁን ምስጢር ለሦስት ሰው ተናግሬ አንድ የሚሰማ አጣሁ።

ረመዳን ገባ። አንድ ሰሞን ማታ ማታ የህያ ከዱባይ ይደውላል። አባቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያደርገዋል፤ ሁላችንም ክብ ሠርተን እንሰማለን። የህያ የሚያወራው ስለ ሰዓቱ ነው።

«ጋሼ፣ መስታወቱ ዝም ብሎ መስታወት አይደለም። ውኃ ውስጥ መቶ ሜትር ቢገባ ምንም አይሆንም።»

«መቶ ሜትር?» አለች ሬሐና ከጓዳ ሆና። «የገፈርሳ ግድብም እንደዚያ የሚጠልቅ አይመስለኝም! አባ የት ሊጠልቅበት ነው?»

አባቴ በሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። የህያ አልሰማም፤ ማሰሪያው ስንት ዓይነት ወርቅ እንዳለው ማስረዳቱን ቀጠለ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ዛሬ ሦስት ልጆች አሉት፣ ለሚስቱም ደግ ነው ይባላል። ብቻ ስለ ሰዓት ማውራት ይወድ ነበር፤ እህቴን አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ ምን ትወጃለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት አልሰማሁም።

ሱቅ ለሰዓት ደግ ቦታ አይደለም። አባቴ የአርማታ ብረት ይስባል፣ የሴራሚክ ካርቶን ይደረድራል፣ እጁን ሚስማር ሳጥን ውስጥ እስከ ክንዱ ያስገባል። ሳምንት ሳይሞላ መስታወቱ ላይ የመጀመሪያዋ ጭረት ታየች፤ ፀጉር የምታክል። ሬሐና አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ራያ» አለችኝ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች፤ «የአባን እጅ ተከታተዪልኝ። ሲጫር ንገሪኝ።»

እኔም ሥራ አገኘሁ። ማታ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ሪፖርት አቀርባለሁ። «ዛሬ ከቆርቆሮው ጋር ተጋጨ። ወርቁም ትንሽ ተቧጭሯል።» ሬሐና ሳምቡሳዋን ሳትነካ ትነሳለች። ለእኔ ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ እህቴ የህያን ወዳዋለች፣ የላከው ሰዓት ሲቧጨር ልቧ ይቧጨራል። የፍቅር ታሪክ ውስጥ መኖሬ ደስ አለኝ። የተነካካ ዕቃ አይመለስም የተባለው በሷ ላይ መሆኑን፣ እያንዳንዷ ጭረት አንድ በር እየዘጋችባት መሆኑን እንዴት ብዬ ልወቅ።

ሱቁ ያደረሰው ጉዳት ግን አክስቴ ራዲያ ካደረሰችው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። አክስቴ በፊት የምትመጣው በወር አንዴ ነበር። በዚያ ረመዳን ከሰበታ በየቀኑ ትመላለስ ጀመር። ስትገባ የአባቴን እጅ በሁለት እጇ ትይዝና «ወንድሜ! ሰላም ነህ? ጤናህስ? ሱቁስ? ልጆቹስ?» እያለች ትወዘውዘዋለች፤ አምባሮቿ ሰዓቱ ላይ እየተፋተጉ እንደ ወፍጮ ይንኮራኮራሉ። ቤት ውስጥ እሷ ያለች ዕለት ፍሪጁ ከግድግዳ መራቅ አለበት፣ የብረቱ በር ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል፣ የከሰሉ ጆንያ ከዚህ ወደዚያ መሄድ አለበት። ሁሉንም የሚሠራው አባቴ ነው፤ ያውም በግራ እጁ እንዲሠራ ትመክረዋለች፤ «ቀኝህን አሳርፈው፣ ወንድሜ።» ሱቅ ከመጣች የምትፈልገው ዕቃ ሁልጊዜ ከብረቶቹ ሥር ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ሰው ወንድሙን እንዲህ መውደዱ ገረመኝ። ወንድም ስለሌለኝም ቀናሁ።

ዛሬ ስንጠይቃት በቁርዓን ትምላለች። «እኔ? ሰዓቱን? አላህ ይይልህ!» ትላለች ለአባቴ። አምባሮቿን ግን አሁን ሰው ስትጨብጥ ወደ ላይ ትሰበስባለች።

የዚያ ወቅት አንድ ሌላ ትዝታ አለኝ፤ ከሰዓቱ ጋር የማይገናኝ ይመስለኝ ነበር። ከዱከም ሴራሚክ የሚያመጣልን ኡዘይር የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አለ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፣ ቁጥር አይችልም። ዕቃውን ካወረደ በኋላ ከሬሐና ጋር ካርቶኖቹን ይቆጥራሉ። ሃያ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ሌላ ቀን አስራ ሰባት ላይ ይጠፋበታል። ሬሐናም፣ በሂሳብ ግንበኛን የምታስለቅሰው ሬሐና፣ አትቆጣውም፤ አብራው ትጀምራለች። እኔ አዘንኩለትና አንድ ቀን የሂሳብ መጽሐፌን አምጥቼ «ውሰደው፣ እስከ መቶ አለው» አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሬሐና ሳቀች። ረመዳን ከገባ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዒድ ሲቃረብ ሰዓቱ አሳዛኝ ሆነ። መስታወቱ ጭጋግ የያዘው ይመስላል፣ ወርቁ ዳር ዳሩን ተቧጭሮ ነጣጥቧል፣ ማሰሪያው ድመት የተጫወተችበት ይመስላል። ሬሐና ሪፖርቴን መስማት አቆመች። «ተዪው በቃ፣ ራያ» አለችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሌሊት ፍራሿ ሲንኮሻኮሽ ያድራል።

ይህን መቋቋም አልቻልኩም። የክፍል ጓደኛዬ ትጊ አባቷ የስልኩን ጭረት በጥርስ ሳሙና እንደሚያጠፋ ነግራኛለች። ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ አባቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሰዓት ያለበት እጁ ተንጠልጥሏል። የጥርስ ሳሙናችንን ይዤ ተንበረከክሁ። ግማሹን ሰዓቱ ላይ ጨምቄ በቀሚሴ እጅጌ መፈተግ ጀመርኩ። በጣም ፈተግኩ። አረፋ ወጣ።

አባቴ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያከምኩት ነው» አልኩ። «ሬሐና እያለቀሰች ስለሆነ።»

ተነስቶ ተቀመጠ፤ ላስቲኩ አብሮት ጮኸ። ይቆጣኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፅ ሲጠፋ ስገልጥ እያየኝ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም።

«ታለቅሳለች?»

«ሲጫር ታለቅሳለች። ማታ ማታም። ድሮ ድሮ ሪፖርት ስሰጣት ብቻ ነበር።»

«ምን ትላለች?»

«ምንም። ዝም ነው የምትለው። ዝም ማለት እሺ ነው አይደል?»

አባቴ ሰዓቱን በሶፋው ጨርቅ ጠረገው፤ ያውም በላስቲኩ ላይ ሳይሆን ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ በጨርቁ። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። «ተይው ልጄ» አለኝ። «ያልቆሰለ አይታከምም።»

አባቴ አንዳንዴ እንዲህ ትርጉም የሌለው ነገር ይናገራል ብዬ አለፍኩት።

የዒድ ማግስት እንግዶቹ መጡ። ሐጂ የሱፍ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ ኦቦ ዲሪርሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አክስቴ ራዲያ ከሁሉም ቀድማ መጥታ አባቴን ሰላም ብላዋለች፤ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ረጅም ሰላምታ። አባቴ እጅጌውን እስከ ጣቱ አውርዶ ተቀምጧል። እኔ ከሶፋው ጀርባ ነኝ።

«እንግዲህ ከድሩ» አሉ ሐጂ፤ «ምን አልክ?»

«ሐጂ፣ አንቱ አባቴ ኖት። ከኔ በፊት ግን ልጅቷ ትጠየቅ።»

«ምን ትጠየቃለች?» አለች አክስቴ። «ዝም ብላ የለም እንዴ? ዝምታ እሺታ ነው!»

«እስቲ ዝምታዋን ልስማው» አለ አባቴና ጠራት።

ሬሐና ገባች። በሩ አጠገብ፣ ያን ዕለት የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ልጄ» አላት፤ «ዛሬ ዝም ካልሽ ሁሉም ሰው እሺ አለች ይላል። ስለዚህ ተናገሪ።»

ሬሐና ቀና አላለችም። «ብናገርስ ምን ዋጋ አለው፣ አባ? ሰዓቱ... አይተኸዋል። ተጫጭሯል።»

«ስለ ሰዓቱ አልጠየቅኩሽም።»

ሶፋው እንኳ አልተንኮሻኮሸም። እህቴ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሐጂን አየች፣ ከዚያ አባቴን አየች።

«አልፈልግም» አለች። «ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ልጅዎን ንቄ አይደለም። ግን አልፈልግም።»

እኔ ክው አልኩ። ያ ሁሉ ፍቅርስ?

አክስቴ ራዲያ ከመቀመጫዋ ተነስታ የአባቴን እጅጌ ሰበሰበችና እጁን ለሕዝብ አሳየች። «እዩት! እዩታ! ይሄ ነው የሚመለሰው? ኦቦ ዲሪርሳ፣ አንቱ ምስክር ነበሩ! የተነካካ ዕቃ አይመለስም አልተባለም?»

«ተብሏል» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ እያዘኑ። ሰዓቱን ጎንበስ ብለው አዩና «ማሎ ከድሩ! ምን አድርገኸው ነው?» አሉ።

አባቴ ሰዓቱን ፈታ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠው። መነጽሩን አደረገ። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር በመስታወቱ ጠርዝ ሥር ሰደደና ቀስ አድርጎ ሳበ።

ትስስ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጭረቶቹ በሙሉ፣ ያ ጭጋግ፣ ያ የድመት ጭረት፣ አንድ ላይ እንደ ቆዳ ተነስተው ጣቱ ላይ ተጠቀለሉ። ከሥራቸው ሰማያዊው ፊት፣ ያ የመጀመሪያ ቀን ያየሁት፣ ብልጭ ብሎ ወጣ። አባቴ ደግሞ የማይቸኩል ሰው ነው፤ ወደ ማሰሪያው ዞረና ከእያንዳንዷ የብረት ቁራጭ ላይ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ አንድ በአንድ ይልጥ ጀመር። ሻዩ በረደ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየዋል።

«ላስቲክ!» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ በመጨረሻ።

«ልጅዎ ጌዲ ነው ያለበሰው፣ ኦቦ» አለ አባቴ። «እጁ ወርቅ ነው። የስልክ ላስቲክ ነው፤ እንዲህ ተቆርጦ በማድረቂያ ይለበሳል።»

«ነግሬያችሁ ነበር!» ብዬ ከሶፋው ጀርባ ወጣሁ። «ሰዓቱ ፀጉሩን ሲሠራ አይቻለሁ! ለሁላችሁም ነግሬያችኋለሁ!» በዚህም ሰዓት የሰማኝ አልነበረም።

አባቴ የመጨረሻዋን ልጣጭ አንስቶ ሰዓቱን በሁለት እጁ ለሐጂ አቀረበ። ያሳደገውን ሰው ስጦታ እየመለሰ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ያላየሁት፣ ዛሬ ግን ሁልጊዜ የማየው ይህንን ነው። ሐጂ ሰዓቱን ተቀበሉ፣ ገለባበጡት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት። አሸተቱት።

«የጥርስ ሳሙና ይሸታል» አሉ።

ማንም ምክንያቱን አላስረዳቸውም።

«ከድሩ» አሉ ቀጥለው፤ «ሱቄ ውስጥ ስትሠራ ስለ ላስቲክ ምን ብዬህ ነበር?»

«ላስቲኩን የሚልጠው ዕቃውን ሊያስቀር የቆረጠ ሰው ብቻ ነው ብለውኝ ነበር፣ ሐጂ።»

ሐጂ የሱፍ ትከሻቸው እየተነቀነቀ መሳቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ኦቦ ዲሪርሳ። ቀጥሎ እናቴ ከጓዳ። «ንብረቴ በደህና ተመልሷል» አሉ ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሻይ ጨምሩልኝ። አንቺም ልጄ፣ ቂም የለም ብያለሁ፣ የለም።» ሰዓቱን እዚያው እጃቸው ላይ አሰሩት። አክስቴ ራዲያ ብቻ አልሳቀችም፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ልጣጭ፣ የአንድ ወር ልፋቷን፣ በመሐረብ ሰብስባ ወደ ውጭ ወጣች።

ሬሐና ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ሸፈነች። እኔ ሮጬ አቀፍኳት፣ አብሬያትም እሪ አልኩ። «ወሰዱባት! የምትወደውን ሰዓት ወሰዱባት!» ስል እሷ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። ለቀናት ያህል ኀዘን ያናወዛት መስሎኝ ከረሜላዬን አካፍላት ነበር።

ካደግሁ በኋላ አባቴን ጠይቄዋለሁ። ላስቲኩን ስታስለብሰው ለሬሐና ብለህ ነው? አንድ ጊዜ «እንዴታ» ይለኛል። ሌላ ጊዜ «ዕቃ ነዋ፣ ዕቃ ላስቲክ ይፈልጋል» ይላል። እናቴ «ልማዱ ነው፤ ዝም ብላችሁ ጀግና አታድርጉት» ትላለች። ሬሐና ግን በዚህ ጉዳይ ክርክር አትቀበልም፤ ለኔ ብሎ ነው፣ አለቀ። እኔ የሚመስለኝ መጀመሪያ ራሱም አያውቅም ነበር። ሐጂንም ፈርቷል፣ ለልጁም ፈርቶላታል። ግን የሚያደርገውን እስኪያውቅ ድረስ በሯን አልዘጋባትም። በዚህ አባቴን እወደዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። ከኋላቸው አዲስ ኮት ለብሶ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ኡዘይር የአይሱዙው ሾፌር ቆሟል። ለካስ ቁጥር ይችላል፤ ዛሬ ሱሉልታ ላይ ከሬሐና ጋር የከፈቱት የሴራሚክ ሱቅ ውስጥ አንዲት ካርቶን አትጠፋበትም። ያን ዕለት ለአባቴ ይዞ የመጣው ሰዓት ከመርካቶ የተገዛ፣ ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ወርቅ የሚመስል ሰዓት ነው። መስታወቱ ላይ ከፋብሪካው የተለጠፈች ላስቲክ አለች።

አባቴ ሰዓቱን ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ገና አልተቀመጡም፣ ሰላምታው እንኳ አላለቀም። በሩ ላይ እንደቆመ ወደ አፉ አስጠጋውና ላስቲኳን በጥርሱ ላጠ። እናቴ እልል አለች። ሬሐናን ይህን ጊዜ በደንብ አየኋት፤ ያን የለቅሶና የሳቅ ፊቷን ነበር ያሳየችው፣ እኔም ይህን ጊዜ ገባኝ።

ያ ሰዓት ዛሬም እጁ ላይ ነው። የአርማታ ብረት፣ ሴራሚክ፣ የልጅ ልጆቹ ጥርስ ሁሉ ተረባርበውበት መስታወቱ ተጫጭሮ ከውስጥ ያለው አይታይም። ሰዓት ስንት ነው ሲባል አባቴ ወደ እጁ በኩራት ያይና ስልኩን ያወጣል። ባለፈው ዒድ አላስችል አለኝ።

«አባ፣ እንግዲህ መስታወቱን እንኳ ላስቀይርልህ?»

«ለምን?» አለኝ እጁን ወደ ራሱ ሰብስቦ። «ማን ሊመልሰው ነው?»